ከቀመሩ በፊት ቈጠራው ይቅደም

በዚህ ጋዜጣ ስለ መኝታ ቤት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኛ ግን ዛሬ ጩኸት ስለማያሰማ፣ ዳሩ ግን በየሴሚስተሩ የብዙ ጓደኞቻችንን ውጤት ስለሚጥል አንድ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን። ጉዳዩም በመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ትምህርት ውስጥ የሚገኘው የቈጠራና የፕሮባቢሊቲ መልመጃ ነው። ይህን አይቶ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቢሆንም ይህን ትምህርት የሚማረው የሒሳብ ክፍል ተማሪ ብቻ እንዳልሆነ ያስታውስልን፤ የኢኮኖሚክሱም፣ የእርሻውም፣ የጤናውም፣ የአስተዳደሩም ተማሪ በዚሁ በር ያልፋል፤ በሩም ጠባብ ነው።

በእኛ አስተያየት ችግሩ ተማሪው ስለማይደክም አይደለም። ይደክማል እንጂ! ፈተና ሲቀርብ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሲበራ ያድራል። አንዱ የዱሮ ፈተና ይዞ ይመጣል፤ ሌላው በቴሌግራም የደረሰውን ወርክሺት ያወጣል፤ ስድሳና ሰባ የተሠሩ ጥያቄዎች በአንድ ሌሊት ይነበባሉ። ይነበባሉ እንላለን እንጂ ይሠራሉ አንልም። የሌላ ሰው መልስ እያዩ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ሥራ አይደለምና። በማግሥቱ በፈተናው ላይ ቍጥሩ ብቻ ሳይሆን ታሪኩም ተለውጦ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ የሌሊት ሽምደዳ እንደ ጤዛ ይተናል።

በየመኝታ ቤቱ የሚሰማውን ጥያቄ ልብ በሉ። ተማሪው ጥያቄውን ገና አንብቦ ሳይጨርስ «ይህ ፐርሙቴሽን ነው ወይስ ኮምቢኔሽን?» ይላል። ከዚያም ቃል ፍለጋ ይጀመራል። «አሬንጅ» የሚል ቃል ከተገኘ ይኸኛው ቀመር፣ «ሰሌክት» የሚል ከተገኘ ያኛው ቀመር ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከሌሉስ? ያን ጊዜ ሳንቲም መጣል ሊቀር ነው። ቀመር የድካም ማሳጠሪያ ነው፤ የሚያሳጥረውን ድካም አንድ ጊዜ እንኳ ያልደከመ ሰው ግን ምን እንደሚያሳጥርለት ሊያውቅ አይችልም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ጉዳይ ይሠራሉ።

ከማኅበራችን ሥራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለምርጫ የቀረቡ 8 ተማሪዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ መካከል አንድ ሊቀ መንበር፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ለሊቀ መንበርነቱ 8 ሰው አለ፤ እርሱ ከተመረጠ በኋላ ለጸሐፊነቱ 7፣ ከዚያም ለገንዘብ ያዥነቱ 6 ሰው ይቀራል፤ 8 በ7፣ እንደገና በ6 ሲባዛ 336 ይሆናል። አሁን ደግሞ ሹመቱ ይቅርና እኵል ሥልጣን ያላቸው ሦስት የኮሚቴ አባሎች ብቻ ይመረጡ። ሦስት ሰዎች ሦስቱን ሹመት በ6 መንገድ ሊከፋፈሉት ይችሉ ነበር፤ ሹመቱ ሲቀር እነዚያ 6 መንገዶች አንድ ኮሚቴ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ 336 ለ6 ይካፈላል፤ 56 ኮሚቴ ይገኛል። የሦስት ጓደኞቹን ስም ይዞ 6ቱን መንገዶች በወረቀት ላይ በእጁ የጻፈ ተማሪ ከዚያ ወዲያ የቀመሩ ስም አያስጨንቀውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለቱ ሰዎች ቦታ ቢለዋወጡ ነገሩ ይለወጣል ወይስ ያው ነው?»

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉም ይናገራል። እሾሁ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ከ8ቱ ተማሪዎች 5ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች ይሁኑ፤ በሦስቱ የኮሚቴ አባሎች መካከል ቢያንስ አንዲት ሴት እንድትኖር ደንቡ ያዛል። ስንት ዓይነት ኮሚቴ ሊቋቋም ይችላል? በየክፍሉ የሚሰጠው መልስ እንዲህ የሚል ነው፤ «በመጀመሪያ ከሦስቱ ሴቶች አንዷን እመርጣለሁ፤ ይህ 3 መንገድ ነው። ደንቡ ተፈጽሟል። ከዚያ ከቀሩት 7 ሰዎች ማንንም ሁለት እመርጣለሁ፤ ይህ 21 መንገድ ነው። 3 በ21 ሲባዛ 63»። ሲያዩት እንዴት ያምራል! ምንም የጎደለው ነገር የሌለ ይመስላል። ነገር ግን ምንም ደንብ ሳይኖር የሚቋቋሙት ኮሚቴዎች 56 ብቻ መሆናቸውን አሁን አይተናል። ደንብ ሲጨመርበት ኮሚቴው እንዴት ይበዛል?

ይህን ጊዜ ቀመር የያዘው ተማሪ ሌላ ቀመር ይፈልጋል፤ ቈጣሪው ግን ስም ይጽፋል። ሴቶቹን ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ሀን በመጀመሪያ መርጦ ለን በኋላ ከጨመረ፣ ለን በመጀመሪያ መርጦም ሀን በኋላ ከጨመረ፣ ሦስተኛው ሰው አንድ እስከሆነ ድረስ የተገኘው ያው ኮሚቴ ነው፤ እርሱ ግን ሁለት ጊዜ ቈጥሮታል። ሦስቱም ሴቶች የገቡበትንማ ሦስት ጊዜ ቈጥሮታል። በትክክል ሲቈጠር አንዲት ሴት ብቻ ያለችበት ኮሚቴ 30፣ ሁለት ሴቶች ያሉበት 15፣ ሦስቱም ያሉበት 1 ነው፤ ድምሩ 46። ስሕተቱን ራሱን እንኳ ልንቈጥረው እንችላለን፤ 30 አንድ ጊዜ፣ 15 ሁለት ጊዜ፣ 1 ሦስት ጊዜ ሲደመር ያው 63 ይመጣል። የተሳሳተው መልስ ከየት እንደመጣ እስከ መጨረሻዋ አሐድ ድረስ ማወቅ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ያጠፋ ተማሪ ሰባ ጥያቄ ካነበበው ይልቅ ለፈተናው ተዘጋጅቷል እንላለን።

ይህ ስሕተት የደካማ ተማሪ ብቻ እንዳይመስለን። ዳላምቤር የሚባለው ስመ ጥሩ የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 በታወቀው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ስለ ሳንቲም መጣል ጽፎ ነበር። በእኛ አገር አጠራር ዘውድና ጎፈር ማለት ነው፤ ዛሬ በሳንቲማችን ላይ ዘውድ ባይኖርም አጠራሩ አልቀረም። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢጣል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? ዳላምቤር እንዲህ አለ፤ በመጀመሪያው ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አልቋል፤ ካልወጣ ጎፈርና ዘውድ ወይም ጎፈርና ጎፈር ይሆናል፤ ስለዚህ መንገዱ ሦስት ነው፣ ሁለቱ ለእኛ ናቸው፣ ዕድሉም ከ3 ሁለት ነው። ሦስቱ መንገዶች ግን እኵል ሚዛን የላቸውም፤ የመጀመሪያው ብቻውን ግማሹን ይይዛል። አራቱን መንገዶች ሁሉ የጻፈ ሕፃን ከ4 ሦስት መሆኑን ያያል። ሊቁ የተሰናከለው ቀመር አንሶት ሳይሆን ዝርዝሩን አሳጥሮ ስለጻፈ ነው።

ጋሊሌዮ ደግሞ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ ዳይስ ጨዋታ አጭር ጽሑፍ ጽፏል። ሦስት ዳይስ አንድ ላይ ሲጣሉ ድምሩ 9 የሚሆንባቸው የቍጥር ስብስቦች 6 ናቸው፤ ድምሩ 10 የሚሆንባቸውም 6 ናቸው። ታዲያ ብዙ የተጫወቱ ሰዎች 10 ከ9 ይልቅ ይወጣል ብለው የሚያምኑት ለምንድር ነው? ጋሊሌዮ 216ቱን አወጣጦች ቈጠራቸው። ሦስት 3 ሲወጣ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ 1፣ 2 እና 6 ሲወጡ ግን የትኛው ዳይስ የትኛውን እንዳወጣ ስለሚለያይ መንገዱ 6 ነው። እንዲህ ሲደመር ለ9 የሚሆነው 25፣ ለ10 የሚሆነው 27 ሆነ። ከ216 ውስጥ የሁለት ልዩነት! እኛ የምንደነቀው በጋሊሌዮ ብቻ አይደለም፤ ይህችን ልዩነት ያለ ወረቀት በዓይናቸው ብዛት በጠረጠሩት ተጫዋቾችም ጭምር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በምንማርባቸው መጻሕፍት ውስጥ ከግማሽ የማያንሰው ምሳሌ ስለ መጫወቻ ካርታ ነው፤ 52 ካርታ፣ 4 ዓይነት፣ ከእያንዳንዱም 13። ከገጠር የመጣ፣ ካርታ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ቤተሰቡም እንዳይነካው የመከረው ተማሪ በፈተና ላይ «ስፔድ» የሚል ቃል ሲያይ የሚወድቀው በፕሮባቢሊቲ ነው ወይስ በካርታ? ለዚህ ሁሉ ነገር ሌላ ምሳሌ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ዕጣ መጣል በአገራችን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ዕቍብ የማያውቅ ማን አለ?

12 አባላት ያሉት ዕቍብ ይኑር። 12 ወረቀቶች ተጠቅልለው በቆብ ውስጥ ይገባሉ፤ በአንደኛው ላይ ምልክት አለ። አንዳንዱ «እኔ አስቀድሜ ላንሣ፣ ሳይወሰድ» ይላል፤ ሌላው «ባዶው ይለቅ፣ እኔ በኋላ» ይላል። ዳኛው ተቈጥቶ ተራ እስኪያስይዝ ድረስ ክርክሩ አያልቅም። ከሁለቱ ማን ልክ ነው? የመጀመሪያው ሰው የማግኘት ዕድሉ ከ12 አንድ ነው። ሁለተኛው እንዲያገኝ አስቀድሞ የመጀመሪያው ማጣት አለበት፤ ይህ ከ12 ዐሥራ አንድ ነው፤ ከዚያም ከቀሩት 11 ወረቀቶች ባለ ምልክቱን ማንሣት አለበት፤ ይህ ከ11 አንድ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 11 ከ11 ጋራ ይጣፋና ያው ከ12 አንድ ይሆናል። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ የመጨረሻውም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን በዕጣ ሲስማሙ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ በማንሣትም ሆነ በመዘግየት የሚገኝ ትርፍ የለም። የዳኛው ቍጣ ግን ሰልፉን ለማስተካከል ይጠቅማል።

ዕቍቡ በየወሩ እየተጣለ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ገና ከመጀመሩ በፊት አንድ አባል «በዐሥራ ሁለተኛው ወር የመድረሱ ዕድል ስንት ነው?» ቢባል ከ12 አንድ ነው። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ሳይደርሰው ቀርቶ የመጨረሻው ወር ሲመጣ ግን ጥርጥር የለውም፤ ገንዘቡ የእርሱ ነው። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ የተጠየቁት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው ምንም ሳይታወቅ የተጠየቀ ነው፤ ሁለተኛው ዐሥራ አንዱ ወር ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የተጠየቀ ነው። መጽሐፉ ይህን «ኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲ» ብሎ በአንድ ክፍልፋይና በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጽፈዋል፤ ተማሪውም መስመሯን እንደ ጠላት ያያታል። ነገሩ ግን እናቱ በዕቍብ ቀን ስታስበው የኖረችው ነገር ነው። መምህሮቻችን ይህን ምሳሌ ቢወስዱ ትምህርቱ አይዋረድም፤ እንዲያውም ተማሪው የሚያውቀውን ዓለም ይዞ ወደ ማያውቀው ይሻገራል።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል መናገር አለብን። በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። «አት ሊስት ቱ» ማለት ቢያንስ ሁለት፣ «አት ሞስት ቱ» ማለት ቢበዛ ሁለት፣ «ኤግዛክትሊ ቱ» ማለት ልክ ሁለት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሲነገረው ማንም ተማሪ እነዚህን ሦስቱን አያደባልቅም፤ ገበያ ሄዶ «ቢያንስ ሁለት ኪሎ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃልና። «ዊዝ ሪፕሌስመንት» የሚለውም የተነሣው ዕጣ ተመልሶ ወደ ቆቡ ይገባል ማለት ብቻ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን ዛሬ አንከራከርም፤ ያ የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በቱቶሪያል ሰዓት ተማሪው ጥያቄውን በሚገባው ቋንቋ መልሶ እንዲናገረው ቢፈቀድ፣ እንዲያውም ቢታዘዝ፣ የግማሹ ስሕተት ምንጭ ይደርቃል ብለን እናምናለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሐሳብ ስንነግራቸው «መዘርዘርማ የሕፃን ሥራ ነው፤ ቍጥሩ ትልቅ ሲሆን ምን ልታደርጉ ነው?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን፤ ቍጥሩ ትልቅ ሲሆን ጥያቄውን አሳንሱት። በየመጽሐፉ ያለውን የልደት ቀን ጥያቄ እንመልከት። 23 ሰዎች በአንድ ክፍል ቢገኙ፣ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ 0.507 ነው። ይህን የሰማ ሁሉ አይቀበልም። 365 ቀኖችን ይዞ መዘርዘርም አይቻልም። ነገር ግን ቀኑን ትታችሁ የሳምንቱን ዕለት ጠይቁ፤ ሰባት ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች በማዕድ ቢቀመጡ ሁሉም በተለያየ ዕለት የተወለዱባቸው መንገዶች 7 በ6 በ5፣ ማለትም 210 ናቸው፤ ጠቅላላው መንገድ ግን 7 በ7 በ7፣ ማለትም 343 ነው። አራተኛ ሰው ሲጨመር 840 ከ2,401 ይሆናል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለቱ የመገናኘታቸው ዕድል ወደ 0.65 ይደርሳል። በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ማታ ሊሞከር ይችላል። ይህን ያየ ሰው ለ365ቱም መንገዱ አንድ መሆኑን ያስተውላል፤ 23 ሰዎችም 253 ጥንድ መሆናቸውን ሲቈጥር መገረሙ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ቀኖቹ እኵል ናቸው በሚል ግምት የቆመ ነው፤ የተወለደበትን ቀን በትክክል የማያውቅ፣ ለትምህርት ቤት መዝገብ ሲባል አንድ ቀን የተሰጠው ሰው ባልጠፋበት አገር ግምቱን መመርመር ራሱ ጥሩ መልመጃ ነው።

ቈጠራን የሕፃን ሥራ የሚል ደግሞ የባሕረ ሐሳብን ሊቃውንት ይጠይቅ። ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት ነው፤ ሁለቱ አብረው ተነሥተው እንደገና አብረው የሚገናኙት በ532 ዓመት ነው። 28 በ19 ሲባዛ ማለት ነው። ይህን ሲያሰላ የኖረ ሕዝብ ልጆች የማባዛትን ደንብ ከውጭ እንደመጣ እንግዳ ነገር ሊፈሩት አይገባም።

ወደ ፈተናው እንምጣ፤ መምህሮቻችንም ይህን በትዕግሥት እንዲያነቡልን እንለምናለን። በአንድ ክፍል ያለው የተማሪ ብዛት ስለሚታወቅ ፈተናው በአብዛኛው አራት ምርጫ ያለው ነው፤ ተማሪው አንዱን ፊደል ይከባል። ምንም ያላጠና ሰው 10 ጥያቄዎችን በግምት ቢከብ ምን ያገኛል? የሚከበብባቸው መንገዶች በጠቅላላ 1,048,576 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ትክክል የሚሆኑባቸው 81,922 ናቸው፤ ከ100 ስምንት ያህል ማለት ነው። ጥያቄዎቹ 20 ሆነው ዐሥርና ከዚያ በላይ ማግኘት ቢፈለግ ግን ዕድሉ ከ100 ወደ አንድ ተኩል ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ አጭር ፈተና ለዕድለኛው፣ ረዥም ፈተና ለዐዋቂው ያደላል፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ከላይ በተናገርነው የኮሚቴ ጥያቄ 63 የሚለው መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ቢቀመጥ፣ አስቦ የተሳሳተው ተማሪና ዓይኑን ጨፍኖ የከበበው ተማሪ እኵል ዜሮ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ለእውነቱ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ያችን እርምጃ የሚያሳየው ግን የለም።

የመምህሩን ችግር አንክድም። መቶና ሁለት መቶ ወረቀት በእጅ ማረም ቀላል አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ፈተናው ሁሉ እንዲለወጥ አይደለም። በየፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ትንሽ ቍጥር ያለው፣ «መንገዶቹን ሁሉ ዘርዝሩ፤ ከዚያ ቀመሩ ለምን ይህን ቍጥር እንደሰጠ አስረዱ» የሚል ይግባ። ለዝርዝሩም ነጥብ ይሰጥ። ተማሪ ነጥብ የሚሰጥበትን ነገር ይለማመዳል፤ ይህን ለማወቅ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም።

ነገሩ ከውጤት ወረቀት ያለፈ መሆኑንም ማየት ይገባል። ከግቢ ወጥተን ጥቂት ስንራመድ የስፖርት ውርርድ ቤት እናገኛለን፤ ከቤተሰብ የተላከ የወር ገንዘብ ይዘው የሚገቡ ጓደኞቻችን ጥቂት አይደሉም። 10 የእግር ኳስ ጨዋታዎችን በአንድ ወረቀት ላይ የሚገምት ሰው፣ እያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ዓይነት ውጤት ስላለው፣ ከ59,049 መንገዶች አንዱን መርጧል። «እኔ ግን ቡድኖቹን አውቃለሁ» ይላል። መልካም፣ እንመነው፤ ከ10 ግምቱ 6ቱ የሚሳካለት ዐዋቂ ይሁን፣ አንዱ ጨዋታም በሌላው ላይ ተጽዕኖ አይኑረው። ዐሥሩም የመሳካታቸው ዕድል 0.6 በራሱ ዐሥር ጊዜ ሲባዛ ነው፤ ከ1,000 ስድስት ያህል ብቻ። ዘጠኙ ተሳክተው አንዱ ብቻ የመሰናከሉ ዕድል ደግሞ ከ1,000 አርባ ያህል ነው። ስለዚህ «አንዲት ጨዋታ ብቻ አበላሸችብኝ» የሚለው ለቅሶ ከማሸነፍ ይልቅ ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ዕድል አለው። ለቅሶው እንደ ክፉ ዕድል ይወራል፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተስፋ ሆኖ ሰውየውን መልሶ ይወስደዋል። ቆጥሮ የተማረ ሰው ግን ያ ለቅሶ ከመጀመሪያው በወረቀቱ ላይ የተጻፈ መሆኑን ያያል።

ዕጣ በመንግሥት ሥራም አለ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ የወጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ፣ ለማውጫው በተዘጋጀው የኮምፒውተር መረጃ ላይ ማጭበርበር መገኘቱ ተገልጾ በዚያው ወር ተሰርዟል። ለዓመታት የቈጠበ ሰው በእንዲህ ያለ ዕጣ ላይ ኑሮውን ጥሎ ይጠብቃል። ዕጣ ትክክል ነው ማለት ምን ማለት ነው? ማን ማን በቆቡ ውስጥ ገባ? እያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ገባ ወይስ ሁለት ጊዜ? መግባት የሌለበትስ ገብቷል? እነዚህ ጥያቄዎች ከኮሚቴው ጥያቄ የተለዩ አይደሉም፤ ሁለት ጊዜ የተቈጠረ አለ ወይ፣ ሳይቈጠር የቀረስ አለ ወይ የሚል ነው። ነገ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩትና የሚመረምሩት ዛሬ «ይህ ፐርሙቴሽን ነው ወይስ ኮምቢኔሽን?» እያሉ የሚጨነቁት ጓደኞቻችን ናቸው። ኮምፒውተር ይቈጥርላቸዋል የሚል ቢኖር፣ ኮምፒውተሩ የሚቈጥረው የሰጡትን ዝርዝር እንደሆነ እናስታውሰዋለን።

ስለዚህ በበኩላችን ያሰብነውን እናቅርብ። ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ በማኅበሩ ክፍል እንሰብሰብ። የሚመጣው ሰው ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፤ የቀመር ወረቀት ግን በመኝታ ቤቱ ይተው። በአንድ ማታ ከሁለት ጥያቄ በላይ አይሠራም። እያንዳንዱ ጥያቄ በሁለት መንገድ ይሠራ፤ በመጀመሪያ በመዘርዘር፣ ከዚያ በቀመር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ማን እንደተሳሳተ ሳይታወቅ ማንም አይነሣ። ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መልስ ለመንገር ሳይሆን «ይህን ሁለት ጊዜ አልቈጠርከውም ወይ?» ብለው ለመጠየቅ ቢመጡ ደስታችን ነው። ከመምህሮቻችንም መካከል ጊዜ ያለው አንድ ሰው ከኋላ ቢቀመጥልን እናከብራለን።

የመጀመሪያው ማታ ጥያቄ ይህ ነው፤ አራት ተማሪዎች ደብተሮቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ መብራት ጠፋና እያንዳንዳቸው በጨለማ አንድ አንድ ደብተር አንሥተው ሄዱ። ማንም የራሱን ደብተር ያላነሣ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? አነሣሡ በጠቅላላ 24 ነው፤ 24ቱንም ጽፋችሁ ኑ።